በባዶ ካርድ ላይ የተመታ ማህተም

እትዬ ሙሉ ሞቱ ተብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ አልቅሼላቸዋለሁ።

ዜናው የመጣው የድሮ ትምህርት ቤቴ መምህራን ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ነው። «የትምህርት ቤታችን የረጅም ዘመን ባልደረባ የነበሩት ወይዘሮ ሙሉነሽ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ይላል። ከሥሩ ሻማ፣ ከሻማው ሥር ደግሞ «ነፍስ ይማር» በላይ በላዩ ተደርድሯል። የእረፍት ሰዓት ነበር። ሻዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ሽንት ቤት ገባሁና በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። ሰላሳ አምስት ዓመት ያለፈኝ፣ ሚስትና ልጅ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ባልደረባዬ ከውጭ በሩን እያንኳኳ «ሳሚ፣ ሆድህን ነው እንዴ?» ይለኛል።

ኋላ ማስተካከያ ተለጠፈ። የሞቱት ሌላ ሙሉነሽ ናቸው፤ እኔ ሳልቀጠር በፊት ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። ለጣፊው የአባት ስም አልጻፈም፤ እኛም የየራሳችንን ሙሉነሽ ቀብረን ስናለቅስ ቆየን። የሪከርድ ክፍሏ እትዬ ሙሉ ደህና ናቸው ሲባል ብቻዬን «ኡፈይ!» አልኩ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። የማላውቃቸው ሴትዮ ሞተው እኔ ደስ ብሎኛል።

እውነቱን ለመናገር ያስለቀሰኝ ሞታቸው ብቻ አልነበረም። እትዬ ሙሉን አንድ ጊዜ ዋሽቻቸዋለሁ። አስር ዓመት አልፎታል፤ አንድም ቀን ደፍሬ አልነገርኳቸውም። ሳልነግራቸው አመለጡኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት። እንግዲህ በሕይወት ካሉ ምን እጠብቃለሁ? በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሄጄ ልናዘዝ ወሰንኩ።

ትምህርት ቤቱ ቂርቆስ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተቀጠርኩት እዚያ ነበር፤ ሂሳብ አስተምራለሁ፣ የስድስተኛ «ሐ» የክፍል ኃላፊ ነኝ። የእትዬ ሙሉ ክፍል በኮሪደሩ ጫፍ ነው። መስኮቱ የጎረቤት ግንብ ላይ ይከፈታል፤ ክፍሉ እስከ ጣሪያው ድረስ በሲባጎ የታሰረ ፋይል ነው። በፋይሎቹ መሃል ግራጫ ሹራብ የለበሱ፣ የመነጽራቸውን አንድ ክንድ በክር ያሰሩ አጠር ያሉ ሴት ተቀምጠዋል። የትምህርት ቤቱ ማህተም የሚያድረው በከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ፣ በመሃረብ ተጠቅልሎ ነው። የመሳቢያው ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነበር።

የሌላ ትምህርት ቤት ሪከርድ ሠራተኛ ካርድ ሲመጣለት ዷ፣ ዷ፣ ዷ አድርጎ መትቶ ይሰጥሃል። እትዬ ሙሉ ያነባሉ። እያንዳንዱን ካርድ፣ ቆመው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ። ውጤቱን፣ የቀረበትን ቀን፣ ጸባዩን፣ የክፍል ኃላፊውን አስተያየት። ያላማራቸውን ለብቻ ያስቀምጡና መምህሩን ያስጠሩታል። እኔ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ሦስቱም ጊዜ በአንድ ልጅ ካርድ።

መጀመሪያ «ሰነፍ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር።

«ና እስቲ» አሉኝ። «ይሄ ወረቀት ቤት ይገባል አይደል?»

«ይገባል።»

«አንተ አብረኸው ትገባለህ?»

«እንዴት አድርጌ እገባለሁ?»

«እኮ! እዚያ ‹ሰነፍ› ሲነበብ ምን ማለቱ ነው ቢባል ማን ይመልሳል? ቀበቶ ነው የሚመልሰው።»

ተናድጄ ሄድኩና ቀይሬ «መሻሻል ይጠበቅበታል» ብዬ አመጣሁ። አነበቡት። «ይሄ ደግሞ ምንም አይልም» ብለው መለሱልኝ። «ልጁ የሚከብደው ምንድን ነው?» ቢሉኝ አላውቅም። ሂሳብ አስተማሪው እኔ ነኝ፣ አላውቅም። በንዴቴ ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ አሠራሁት። ለካ ማካፈል ላይ ብቻ ነው የሚወድቀው፤ ሌላውን ከእኔ ፈጥኖ ይሠራዋል። «ማካፈል ያስቸግረዋል፤ የቀረውን ያለ እርዳታ ይሠራል» ብዬ ስጽፍ እትዬ ሙሉ ማህተማቸውን መቱ። አላመሰገኑኝም። በዚያን ቀን በጣም ጠልቻቸው ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ማንበብ የማይችል ወላጅ፣ ወይም ማንበብ ችሎ የካርዱ ነገር ግራ የገባው፣ መስኮታቸው ጋ ይመጣል። እትዬ ሙሉ ካርዱን ይቀበሉና በአውራ ጣታቸው ደረጃ የተጻፈበትን ቦታ ይሸፍናሉ። ከዚያ ያነባሉ። «አማርኛ ይኸን ያህል፣ ካለፈው አምስት ጨምሯል። ሳይንስ ይኸን ያህል። አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረው። አስተማሪው ‹ጓደኞቹን ያስጠናል› ብሎታል።» ወላጁ «ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ይጎተጉታል። «ቆይ፣ እንደርሳለን» ይላሉ። ሁሉም ተነቦ ሲያልቅ ነው አውራ ጣታቸው የሚነሳው። አንዳንዱ ወላጅ ያን ጊዜ መጠየቁን ራሱ ረስቶት ይሄዳል።

አሁን ወደ ውሸቴ ልምጣ።

ሰኔ መጨረሻ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ቅዳሜ ነው፤ የክፍል ኃላፊዎች ካርዱን ሞልተን እስከ ሐሙስ ለእትዬ ሙሉ እናስረክባለን፣ እሳቸው አርብን ሲያነቡና ሲያትሙ ይውላሉ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት ላንጋኖ ሊሄዱ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ሐይቅ በፎቶ ካልሆነ አይቼ አላውቅም። ሮስተሩን፣ ማለትም የክፍሉ ልጅ ሁሉ ውጤት የሚገባበትን ትልቁን ሠንጠረዥ፣ ገና አልጨረስኩም። ካርዶቹ ባዶ ናቸው።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ሙሉ ጋ ገባሁ። ፊቴን አጠቆርኩና «እትዬ፣ እናቴን አሟት ደብረ ብርሃን ልሄድ ነው» አልኩ። «ነገና ከነገ ወዲያ አልኖርም። ካርዱን ይዤ ሄጄ እዚያው ማታ ማታ እሞላዋለሁ፤ ማህተሙን ግን አሁን ቢመቱልኝ...»

«ባዶውን?»

«ባዶውን።»

እናቴ ደብረ ብርሃን አለች፤ ይሄ እውነት ነው። በዚያን ሰሞን ግን ከእኔ የተሻለ ጤና ነበራት። እትዬ ሙሉ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ምናቸውን ነው ያመማቸው?» አሉ። ያልተዘጋጀሁበት ጥያቄ ነው። «ልቧን» አልኩ። እትዬ ሙሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡና በሃምሳ ስምንት ባዶ ካርድ ላይ ማህተም መቱልኝ። በሠሩበት ዘመን ሁሉ እንዲያ አድርገው አያውቁም ነበር። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ አንድ ጓደኛዬ ማርክ ሊስቱን፣ የየልጁን የሂሳብ ውጤት የያዝኩበትን ዝርዝር፣ እያነበበልኝ ሮስተሩን ሞላሁ። እሱ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ስም እንኳ አንጠራም፤ ቁጥር ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች። ዘሪሁን የሚባል ተማሪ በመንፈቀ ዓመቱ አጋማሽ ከቤተሰቡ ጋር አዳማ ሄዷል። ሮስተሩ ላይ ስሙን ሰርዤዋለሁ፤ ማርክ ሊስቱ ላይ ግን አልሰረዝኩትም። አንድ ፈተና ብቻ ተፈትኖ የሄደ ልጅ ነው፣ ከመቶ አስራ ዘጠኝ ይላል። ጓደኛዬ አስራ ዘጠኝን ጠራ፣ እኔ ከዘሪሁን ቀጥላ ላለችው ጻፍኩት። ከዚያ በታች ያለው ልጅ ሁሉ ከበላዩ ያለውን ልጅ የሂሳብ ውጤት ወሰደ። አስራ ሁለት ልጆች። ሲያልቅ አንድ ቁጥር ተርፎን ነበር፤ «የዘሪሁን ይሆናል» ተባብለን ሳቅን። ካርዶቹን ከሮስተሩ ገልብጬ ሐሙስ ጠዋት ወደ ሐይቄ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ካርድ ለማደል ስመለስ ፊቴ በፀሐይ ተጠብሶ አፍንጫዬ ተልጧል። እትዬ ሙሉ በሩ ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

«እናትህ እንዴት ሆኑ?»

«ተሽሏታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ፊትህ ምን ሆነ?»

«ፀሐይ ነው።»

«ደብረ ብርሃን?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ደብረ ብርሃን በሰኔ ሰው ጋቢ የሚደርብበት ሀገር ነው። ግን ሌላ አልጠየቁኝም።

ካርዱን አደልኩ። ልጆቹ «ክረምት መጣ!» እያሉ እየጮሁ ተበተኑ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ስወጣ እትዬ ሙሉ በኮሪደሩ ሲሮጡ አየሁ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ሮስተሬን ወደ ቋሚ መዝገብ ሲገለብጡ አግኝተውታል።

«ዘይነባ ኸይሩ ሂሳብ አስራ ዘጠኝ? ዘይነባ?»

ዘይነባ ከክፍሉ ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ ናት። ማርክ ሊስቴን ከሻንጣዬ አውጥቼ አየሁ። ዘጠና አራት ነው ያላት። ጣቴን ወደ ታች ስወስደው ሁሉም ገባኝ። የሙከራ ጊዜዬን ገና አልጨረስኩም፤ በዚህ ምክንያት ቢያባርሩኝ ማንም አይፈርድባቸውም።

«ልጅቷ ካርዱን ስትቀበል ምን አለች?» አሉኝ።

ትዝ አለኝ። ምንም አላለችም። አይታው፣ አጥፋው፣ ደብተሯ ውስጥ ከታ ከሁሉም ቀድማ ወጣች። እኔ ደግሞ ፈገግ ብዬ «መልካም ክረምት» ብያታለሁ።

«ሰኞ እናስተካክለው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ።

«ሰኞ?» አሉ እትዬ ሙሉ። «ዛሬ ቤት የሚገባ ወረቀት ሰኞ ይስተካከላል? ባዶ ወረቀት ላይ ማህተም የመታሁት እኔ ነኝ። ባነበው ኖሮ እይዘው ነበር። ተነስ።»

ሹራባቸውን አስተካክለው፣ ቆርቆሯቸውን ከነማህተሙ ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ወጡ። የአባትየው ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። የቤታቸውን ቁጥር ግን እትዬ ሙሉ ፋይል ሳይከፍቱ ያውቁታል። ታክሲ ይዘን ቄራ ወረድን። መንገዱን ሙሉ ያወሩኝ ስለ እናቴ ነበር። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውሰድ፣ ጨው ትቀንስ፣ ዳገት አትውጣ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ «እሺ» እላለሁ።

የዘይነባ አባት ጋሽ ኸይሩ በቤታቸው ደጃፍ ለሥጋ ቤቶች ቢላዋ የሚስሉ ሰው ናቸው። ሞተሩ ይጮሃል፣ ብልጭታው ይወረወራል፤ ስልክ ያልሰሙት ለዚህ ነው። ሲያዩን ሞተሩን አጠፉ። በእጃቸው ክንድ የሚያህል ቢላዋ ይዘዋል። እትዬ ሙሉ «ይናገራል» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጭር አድርጌ ተናግሬ አላውቅም። ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ ካርዷ ተበላሽቷል፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳቸው።

ጋሽ ኸይሩ ቢላዋውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ልጄ የት ናት?» አሉ።

ቤት አልገባችም። ከትምህርት ቤት ቄራ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ካርድ ከታደለ ሦስት ሰዓት ሆኖታል። ጎረቤት ተጠየቀ፣ የለችም። ጋሽ ኸይሩ ሽርጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ መንገድ ላይ ቆመው ግራ ቀኝ ያያሉ። እኔ በዚያች ደቂቃ ሥራዬን ረሳሁት። ልጅቷ ብቻ ትገኝ እንጂ ነገውኑ ያባርሩኝ አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

እትዬ ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ፋይል እያገላበጡ ነበር ማለት ይቻላል። «ስትመዘገብ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው ብለው አክስቷን ነው የሞሉት» አሉ። «ሰንጋ ተራ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ።»

«እህቴ ናት» አሉ ጋሽ ኸይሩ። «ግን ቅዳሜ ሥራ ናት፣ ቤቱ ዝግ ነው።»

«ዝግም ቢሆን» አሉ እትዬ ሙሉ።

ዘይነባ ደረጃው ላይ፣ በተዘጋው በር ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች። አባቷን ስታይ ተነሳች፣ እኛን ስታይ መልሳ ተቀመጠች። እትዬ ሙሉ እያለከለኩ ወጥተው አጠገቧ ደረጃው ላይ ዘፍ አሉ።

«ዘይነቤ፣ ካርድሽን አምጪ። ስህተት ያለው እኛ ጋ ነው፤ ያንቺ ዘጠና አራት ነው።»

ልጅቷ ካርዱን አልሰጥም አለች። ጭራሽ ማልቀስ ጀመረች። የተሻለ ነገር ተነግሯት ለምን እንደምታለቅስ አልገባንም ነበር። በመጨረሻ አባቷ ሲወስዱት አየነው። አስራ ዘጠኝ አልነበረም፤ ሰባ ዘጠኝ ይላል። አንዱን በእስክሪብቶ ሰባት አድርጋዋለች። ቀለሙ እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም።

ከዚያ እትዬ ሙሉ ሳቁ። በጣም ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እኔ ባዶ ወረቀት አተምኩ፣ ሳምሶን መስመር ሳተ፣ አንቺ ቁጥር ቀየርሽ። በይ አሁን ሦስታችንም እናስተካክላለን።»

እኔ አዲስ ንጹህ ካርድ እንጻፍላት አልኩ። እምቢ አሉ። የእሳቸው ደንብ አንድ ነው፤ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፣ አይቀባም። አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበታል፣ የተሳሳተው ከሥሩ እንዲነበብ። ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ ስህተቱን የሠራው ሰው ይፈርማል። «ንጹህ ካርድ ብንሰጣት ይቺ ልጅ ዛሬ ያለቀሰችው በምን ነበር ይባላል?» አሉኝ። ስለዚህ ጉልበቴ ላይ አድርጌ አሰመርኩ፣ ዘጠና አራት ብዬ ጻፍኩ፣ ድምሩንና ደረጃውንም እንዲሁ አስተካከልኩ፣ አስተያየቱ ቦታ ላይ «ስህተቱ የእኔ የክፍል ኃላፊው ነው» ብዬ ፈረምኩ። ዘይነባ ሰባቷ አጠገብ ስሟን ጻፈች። እትዬ ሙሉ ከሁላችን በታች ፈርመው ቆርቆሯቸውን አወጡና እዚያው ደረጃው ላይ እንደተቀመጡ ማህተም መቱ።

ካርዱን ለጋሽ ኸይሩ ሲሰጡ፣ ከልማዳቸው የተነሳ ይመስለኛል፣ አውራ ጣታቸው ደረጃ የተጻፈበት ቦታ ላይ ነበር። ጋሽ ኸይሩ ግን ካርዱን ሳያዩ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«እኔ የት ናት ነው ያልኩት» አሉ። «ስንት አመጣች አላልኩም።»

ዘይነባ ይህን ሰምታ አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ለሦስት ሰዓት ያህል የፈራችው ሰው እሳቸው እንዳልነበሩ ያኔ የገባት መሰለኝ። ሽርጣቸውን ይዛ ደረጃውን ወረደች።

አልጨረስንም። አስራ አንድ ልጆች ቀርተዋል፤ አብዛኞቹ ሁለትና ሦስት ነጥብ የተቀያየሩ ናቸው። ደሳለኝ ግን የዘይነባን ዘጠና አራት የወሰደው ነው። የእሱ ሃምሳ ሁለት ነበር። «የእሱን እንተወው፣ ደስ ብሎታል» አልኩ። «የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ ክረምቱን ሙሉ ይዋል?» አሉኝ። ካዛንቺስ ቤታቸው ስንደርስ እናቱ ጎረቤት ጠርታ ድፎ እየቆረሰች ነው። ያንን መናገር በጋሽ ኸይሩ ቢላዋ ፊት ከመናገር በላይ ከበደኝ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እትዬ ሙሉ ግን ያለፈውን መንፈቀ ዓመት ውጤቱን በቃላቸው ያውቁት ነበር። «አርባ አንድ ነበር፤ አስራ አንድ ጨምሯል። ይሄ የራሱ ነው» አሏት እናቱን። እሷም ቢላዋውን ይዛ ጥቂት ካሰበች በኋላ ድፎውን መቁረሷን ቀጠለች። ለእኛም ሰጠችን።

ሰኞ እትዬ ሙሉ ራሳቸው ርዕሰ መምህሩ ጋ ገቡ። ባዶ ካርድ ላይ ማህተም መምታታቸውን ተናገሩ። ጡረታቸው ሊደርስ ትንሽ የቀራቸው ሴት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ደብዳቤውን ተቀብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ፣ የራሳቸውን የግል ማህደር አወጡ፣ ደብዳቤውን በስተው ቁጥር ሰጥተው ከተቱት። ሌላ ሰው ቢሆን ማን ያየዋል ብሎ ይቀደው ነበር። እኔ በቃል ብቻ ነው የተገሠጽኩት። ለምን ቢባል እትዬ ሙሉ «እናቱ በጠና ታመውበት ነው፣ ልቡ እዚያ ነበር» ብለው ተከራክረውልኛል። ያን ቀን ልነግራቸው በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ «እናትህስ?» እያሉ ሲጠይቁኝ ውሸቱ እየቆየ ሄደ፣ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ለመናገር የባሰ አሳፋሪ ሆነ። ትምህርት ቤት ስቀይር ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

እትዬ ሙሉም የሚኖሩት ካዛንቺስ ነበር፤ ቤታቸው ዛሬ የለም። ሰፈሩ ፈርሷል፤ ሰዉ ከከተማው ዳር ወደተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ሄዷል። በቴሌግራም ጠይቄ ብሎካቸውንና ፎቃቸውን አገኘሁ። በሩን ሲከፍቱልኝ መነጽራቸው አዲስ ነው፣ ሹራቡ ያው ነው።

«ሳምሶን! ሰው ሞቱ ብሎህ መጣህ አይደል?» ብለው ሳቁ። «ሌላዋ ናት። ነፍሷን ይማርና ጥሩ ሴት ነበረች። የአባት ስም ሳይጻፍ ምን ዓይነት ማስታወቂያ ነው!»

አስገብተው ምሳ አቀረቡልኝ። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። አሁን ውጤት በስልክ ነው የምንልከው አልኳቸው፤ ወላጁ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ያየዋል። «እና ማን ያነብለታል?» አሉ። እየደወልኩ እንደማነብላቸው ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ ትምህርቱን፣ ደረጃውን መጨረሻ። እንጀራ ጨመሩልኝ። ከዚያ የፈራሁት መጣ።

«እናትህስ? ልባቸውስ?»

እጄን ከገበታው አነሳሁ።

«እትዬ፣ እናቴ አልታመመችም ነበር።»

«መቼ?»

«ያኔ። ባዶ ካርድ ላይ ማህተም የመቱልኝ ጊዜ። ዋሽቼዎት ነው። ላንጋኖ ከጓደኞቼ ጋር ነበርኩ። ማስጠንቀቂያ የተጻፈብዎት በእኔ ውሸት ነው።»

ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ይሰማል። እኔ የምግብ ሳህኑን ብቻ ነው የማየው።

«ለዚህ ነዋ ፊትህ የተጠበሰው» አሉ በመጨረሻ። «ደብረ ብርሃን ይሄን የመሰለ ፀሐይ ከየት አመጣ ብዬ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ቆይ አንዴ። እናትህ ያኔ ደህና ነበሩ?»

«ደህና ነበረች።»

«ልባቸውን ምንም አላላቸውም?»

«ምንም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ደህና ናት። ትናንት ደውላልኝ ነበር።»

እትዬ ሙሉ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ኡፈይ! ተመስገን ጌታዬ!» አሉ። ፊታቸው በራ፤ ቁጣ ብፈልግበት አጣሁ። «እኔ እኮ ሁልጊዜም እየፈራሁ ነው የምጠይቅህ። ዛሬ አረፉ ትለኛለህ እያልኩ።»

ተነስተው ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ሥር አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አመጡ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚጸልዩላቸው ሰዎች ስም ነው፤ ገጽ ሙሉ፣ በዚያ በማውቀው የመዝገብ ጽሑፋቸው ተደርድሯል። መሃል ላይ «የሳምሶን እናት፣ ልባቸውን» ይላል። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ዳሩ በጣት ብዛት ተበልቷል።

እስክሪብቶ አወጡና አንድ መስመር ብቻ አሰመሩበት፣ ከሥሩ እንዲነበብ። ከላዩ «ደህና ናቸው» ብለው ጻፉ። ከዚያ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፉት።

«ፈርምበት» አሉኝ።

ፈረምኩ።